ቬነስን ያጋላት ለፀሐይ መቅረቧ ብቻ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ፕላኔቶች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ስለምታወጡ አመሰግናለሁ። አንዷን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቬነስ የምትግለው ለፀሐይ ስለምትቀርብ ነው ይላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው ነው የሚመጡት።

ቅርበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜርኩሪ ትብስ ነበር። ሜርኩሪ ግን ይህ ነው የሚባል አየር የላትም። ቀን 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ትወርዳለች። ቬነስ ቀንም ሌሊትም 465 አካባቢ ናት። ደመናዋ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን መልሶ ይገፋዋል። የአየሯ ግፊት ግን የእኛን 90 እጥፍ ይሆናል፤ 96 በመቶው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የገባውን ሙቀት ይዞ አይለቅም።

ምድርም እኮ ከዚያ የማይተናነስ ካርቦን አላት! የት ገባ? ድንጋይ ውስጥ። ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋውን ጋዝ ዝናብ አጠበው። ከዓለት ጋር ተዋህዶ፣ ወደ ባሕር ወርዶ፣ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ሁሉም ግን አልታሰረም፤ ደግሞም እንኳን አልታሰረ። ያኔ ፀሐይ ከዛሬዋ እስከ 30 በመቶ የደከመች ነበረች። ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ባይተርፍ ውሃችን በረዶ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቬነስ ውሃዋን አጣች፤ ጋዟን የሚያጥብላት አልተገኘም። ማርስ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ስበቷ አየሯን አጥብቆ መያዝ አልቻለም። የደረቁ የወንዝ ሸለቆዎቿ ዛሬም ይታያሉ፣ አየሯ ግን ተሟጧል።

ተማሪዎቼን ያሳመናቸው ከጀማ ሸለቆ የመጣ ቁራጭ ድንጋይ ነው። ዳይኖሰሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን አገሩን የሸፈነው ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ነው። ፈቅፈቅ አድርገን ሎሚ ስንጨምቅበት አረፋ ይደፍቃል። ልጆቹ ድምፁን ለመስማት ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የሚወጣው ያ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ የዓለም ድንጋይ ሁሉ እንዲህ ቢለቀውስ?» አለችኝ። አየራችን የቬነስን ይመስል ነበር አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እባካችሁ እርማት አውጡ። ስለ ፕላኔቶች በድጋሚ ስትጽፉም ፎቶ አንሺያችሁን ወደ ጀማ ላኩት። ገደሉን ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ደብረ ብርሃን