የጎብኚው ብርም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጎብኚ ቁጥር እንሰማለን፤ ያወጣውን ብር ግን ሲነገር አልሰማሁም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ እሁድ እሁድ የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው ውሎ ገብ ነው፤ አልጋ ስለማይዝ በሆቴል መዝገብ አይገኝም። መውጫው ላይ ለታክሲ፣ ለፈረስ ግልቢያ፣ ለምሳ ስንት እንዳወጣ ቢጠየቅ ምን ይከብዳል?

ሲደመር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የፒያሳ ሰው እንጦጦ ላይ የበላው ጥብስ ለከተማዋ አዲስ ገቢ አይደለም፤ ባይወጣ ኖሮ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ይበላው ነበር። ከአዲስ አበባ ውጭ ሱሉልታ ወርዶ ቢበላ ግን ለሱሉልታ አዲስ ብር ነው፤ በተለይ በጉ ከአካባቢው ገበሬ ከተገዛ። ከውጭ የገባው የታሸገ መጠጥማ አብዛኛው ዋጋው እዚያ አያድርም። መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብሰው እናት ደግሞ ደረሰኝ ስለማትቆርጥ ጎብኚው ካልተጠየቀ ሂሳቡ ውስጥ አትገባም።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ