ጉበት ጾም አይገባለትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ አይቶታልና አልደግመውም። ብዕር ያስነሣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ስለማይበላ መድኃኒቱን ማቋረጥ ይቻላል»። ማን አለ? አልተጻፈም። ሐኪም ተጠይቋል፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ተጠይቋል፣ የጂም አሠልጣኝ እንኳ አልቀረም። «ይህን ክኒን እስከ መቼ ነው የምውጠው?» የሚባለው ፋርማሲስት ብቻ ነው የተረሳው። ለምዶብናል፤ እኛ ለዜና የምንፈለገው መድኃኒት ሲወደድና ሲጠፋ ነው።

በደም ውስጥ ከሚዞረው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ጉበት ነው። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የሚያግዱትም ይህንኑ የጉበት ሥራ ነው። የጾም ምግብ ይጠቅማል፣ አይካድም፤ ጉበት ግን ጾም ገባ ብሎ ሥራ አይፈታም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ መጥፎው ኮሌስትሮል በጥቂት ሳምንታት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ምክራችሁን የሰማ ሰው ኮሌስትሮሉ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ፋሲካ ይደርስለታል፣ ከዚያ ዶሮ ወጡ ይቀርብለታል። ስትሮክ መትቶት ወይም የልቡ ደም ሥር ተዘግቶበት የተረፈ ከሆነማ ቀልድ አይደለም።

ደግሞስ የጾሙ ወጥ በምን ይሠራል? በብዙ ቤት በሚረጋው የፓልም ዘይት። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የትኛው የአትክልት ዘይት ነው ኮሌስትሮል ያለው? የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ግን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ሳቹሬትድ ስብ ነው። ይህን ማን ይጽፈዋል?

ያሳሰባችሁ የመዋጫው ሰዓት ከሆነም መላ አለው። ከስታቲኖቹ አቶርቫስታቲንና ሮዙቫስታቲን በሰውነት ውስጥ ስለሚቆዩ በቀን አንዴ፣ በፈለጉት ሰዓት፣ ምግብ ኖረም አልኖረ ይዋጣሉ። ሲምቫስታቲን ቶሎ ስለሚወጣ፣ ጉበትም ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ማታ ነው። ሦስቱንም ከራት በኋላ መዋጥ ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውም፣ ረመዳንን የሚጾመውም ካፈጠረ በኋላ፣ አንድ ቀን ሳይዘል ይወስዳል። የረሳ በዚያው ዕለት ካስታወሰ ይውሰድ፤ ካደረ ግን የዕለቱን ብቻ እንጂ ሁለት አይደርብ።

ማስጠንቀቅ ካማራችሁ እውነተኛ አደጋ ሞልቷል። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ከአሞክሳሲሊንና ከኦሜፕራዞል ጋር ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዛል። ክላሪትሮማይሲን ሲምቫስታቲንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ይዘጋል፤ መድኃኒቱ በደም ይከማቻል፣ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ፍርስራሹ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፤ ሐኪሙ ወይ አንቲባዮቲኩን ይለውጣል፣ ወይ እስኪያልቅ ሲምቫስታቲኑን ያስቆማል። አቶርቫስታቲን ከሆነ ከክላሪትሮማይሲን ጋር በቀን ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰውም ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ሮዙቫስታቲን የሚወስድ ደግሞ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበትን የጨጓራ ሽሮፕ ክኒኑን ከዋጠ ከ2 ሰዓት በኋላ ይጠጣ። የጨጓራው ማዘዣ ከአንድ ክሊኒክ፣ የኮሌስትሮሉ ከሌላ ይጻፋል፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት እኛ መስኮት ላይ ነው። ግን ማን ጠይቆን!

ያለ ድካም የመጣ የጭንና የትከሻ ሕመም ለሐኪም ይነገር። ሽንት ኮካ ኮላ ከመሰለ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ክኒኑ ቆሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ለሐኪሟ ቶሎ ትንገር። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ሲመጣ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም የዘገባችሁ ስሕተት ወንድም ነው፤ ቁጥሩን ያወረደው ክኒኑ ነውና።

ማረሚያው ጾሙ ሳይገባ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ይውጣልን። ቦታ ካጠረ ለጂም አሠልጣኙ የሰጣችሁት ያህል ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ