የከሰል ኃይል ማመንጫ ጉብኝት አመዱ ጋ ሳይደርስ ማለቅ የለበትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትጋት እከታተላለሁ። በቅርቡ ሥራ ላይ ያለ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ከአስጎብኚ ጋር የማየት ዕድል ስለገጠመኝ፣ እንዲህ ያሉ ጉብኝቶች ስለሚካሄዱበት መንገድ ያለኝን አስተያየት ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል እወዳለሁ።

በቅድሚያ በራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱ ማመንጫዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከሰሉ በማጓጓዣ ቀበቶ ተጉዞ ወፍጮ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ዱቄት እስኪልም ተፈጭቶ፣ በሞቀ አየር ኃይል ወደ ምድጃው ይነፋል። ውኃ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ቦይለር የትልቅ ሕንፃ ቁመት ያለው ሆኖ ሳለ መሬት ላይ አልተቀመጠም፤ ብረቱ ሲግል ስለሚለጠጥና ወደ ታች የሚረዝምበት ክፍተት ስለሚያስፈልገው፣ ከላይ ካለው የብረት መዋቅር ላይ ተንጠልጥሏል። አስጎብኚያችን ጥቁር መስታወት በተገጠመላት ትንሽ መመልከቻ በኩል እሳቱን አሳዩን። የጠበቅሁት የሚንቦገቦግ ነበልባል ነበር፤ ያየሁት ግን ጫፍና ዳር የሌለው፣ የምድጃውን ሆድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ብርሃን ነው። በዚህ ሙቀት 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረሰው እንፋሎት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማሽኑን የሚያዞረውን ተርባይን በደቂቃ 3000 ጊዜ ያሽከረክረዋል፤ በአዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰውም ንዝረቱ ከወለሉ ተነሥቶ በጫማው በኩል ሲገባ ይሰማዋል። ይህን ሥዕል ወይም ፊልም አይተካውም።

ቅሬታዬ ጉብኝቱ ባበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከተርባይኑ አዳራሽ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ተወስደን፣ ከዚያ ተሸኘን። አስጎብኚያችን ከሰፋፊዎቹ ማቀዝቀዣ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ደመና ጭስ ሳይሆን የውኃ ተን መሆኑን በሚገባ አስረድተውናል፤ ነገሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማብራሪያው እዚያ ላይ ሲቆም፣ ጎብኚው ከማመንጫው የሚወጣ ጎጂ ነገር የለም ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ሊነገረው የሚገባው ስለዚያ ቀጭን ረጅም ጭስ ማውጫ ነበር፤ ከእሱ የሚወጣው ዋናው ነገር ለዓይን አይታይምና።

500 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አንድ የማመንጫ ክፍል (ቦይለሩ ከነተርባይኑ) በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰዓት 200 ቶን ገደማ ከሰል ያቃጥላል። ከሰሉ ውስጥ ያለው 12 ኪሎ ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጋዝ ከ400 ቶን ይበልጣል። የሚወጣው ከሚገባው ከሰል በክብደት እጥፍ መሆኑን ስንት ጎብኚ ያውቃል? ከከሰሉ ሙቀት ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠውም በአብዛኛው ከ40 በመቶ አይበልጥም።

ማጣሪያዎቹ ግሩም ሥራ እንደሚሠሩ አልክድም። በደንብ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ከ99 በመቶ በላይ የሆነውን ደቃቅ አመድ ይይዛል፤ ጭሱ በኖራ ድንጋይ ውኃ ሲታጠብም ሰልፈሩ ወደ ጀሶነት ተለውጦ ለግንባታ ይውላል። ነገር ግን የተያዘ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም። አመዱ አርሴኒክን የመሳሰሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። ከፊሉ ለሲሚንቶ ሥራ ቢውልም፣ የተረፈው በግቢው ዳርቻ ለዓመታት ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2008 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ኪንግስተን በተባለው ማመንጫ የአመድ ማጠራቀሚያው ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የአመድ ጭቃ በአካባቢው መሬትና ወንዝ ላይ ፈስሷል። እኛ ማጠራቀሚያውን ለማየት ስንጠይቅ «ከጉብኝቱ መስመር ውጭ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘነው።

ጊዜው እያለፈ መሆኑም መታሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ውስጥ በከሰል ኤሌክትሪክ ለሕዝብ ማቅረብ የጀመረችው ብሪታንያ፣ የመጨረሻ የከሰል ማመንጫዋን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 ዘግታለች። በሌሎች አገሮች ግን ከሰል አሁንም የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ቤት ያበራል። ይዘጋ ወይስ ይቀጥል እያለ የሚከራከር ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ የሚከራከርበትን ነገር ከመግቢያው እስከ መውጫው ያየ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ማመንጫዎችን የሚያስተዳድሩ ሁሉ የጉብኝቱን መስመር እስከ አመድ ማጠራቀሚያው እንዲያራዝሙ፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉም ከሚመነጨው ሜጋ ዋት ጎን በሰዓት የሚቃጠለውን ከሰልና የሚወጣውን ጋዝ በቶን ለጎብኚ እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ። የዝግጅት ክፍላችሁም ጋዜጠኞቹን ወደ እንዲህ ያለ ጉብኝት ሲልክ፣ አመዱ የት እንደሚደፋ ሳይጠይቁና ቦታውን በዓይናቸው ሳያዩ እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ