የጭልጋ ከሰል፦ ከአካፋው በፊት ኮምፒውተሩ ይቅደም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጭልጋ የድንጋይ ከሰል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ገቢውና ስለ ሥራ ዕድሉ ብዙ ተብሏል። ቁፋሮውን አስቀድሞ በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስሎ በመሥራት፣ ስለ መፈተሽ ግን አንድም ቃል የለም።

ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው ይህ ከሰል ከሸክላ አፈርና ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተደራርቦ የተኛ ነው። ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። የእኛን ክረምት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቁፋሮው ግድግዳ የሐምሌን ዝናብ ይችላል ወይስ ይናዳል? ይህን በሞዴል ላይ ደጋግሞ መሞከር ይቻላል፤ በሰው ሕይወት ላይ ግን አይሞከርም።

ወደ መሬት ውስጥ ከተገባማ ጉዳዩ ይብሳል። ከከሰል የሚወጣው ተቀጣጣይ ሚቴን ጋዝ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ለፍንዳታ ብልጭታ ይበቃዋል። አየር የሚያንሰው በየትኛው መተላለፊያ እንደሆነ ሲሙሌሽኑ ቀድሞ ያሳያል። እርግጥ የተሳሳተ መረጃ ከገባበት ከቆንጆ ሥዕል አያልፍም።

ስለዚህ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አልሚው የመሬት ናሙናውንና የግድግዳውን ሞዴል ያቅርብ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከክረምት በፊት ይመርምሩት፤ ውጤቱም በጭልጋዋ ከተማ በአይከል ለነዋሪው በግልጽ ይነገር።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር