እማዬ፣ ስለ ዓሣዎቹ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ ስጀምርልሽ "ኤዲያ፣ ዓሣ ደግሞ ምን ሥራ አለው!" ብለሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። እስቲ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ለዓይንሽ ምርመራ የመጣሽ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ትተሽ አኳሪየሙን ነበር የምታዪው። "ልብ ያሳርፋል" አልሽኝ። እውነትሽን ነው። አሁን ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ ቡፌው ላይ አንድ ይቀመጥልኝ ብለሻል። እምቢ ልልሽ አይደለም። ግን አንቺ ሰኞ መጥተሽ ሐሙስ ነው የሄድሽው። ሥራው ያለው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጎማውን አንድ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነክሬ ሌላውን በአፌ እስባለሁ። አንዳንዴ ይዋጣል። ጣዕሙን አልነግርሽም። ጠጠሩ መሀል የተቀመጠውን ቆሻሻ እየመጠጥኩ አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ 20 ሊትር አወጣለሁ። ገንዳው በጠቅላላ 80 ሊትር ስለሚይዝ ሩቡ መሆኑ ነው። የሚተካው ውሃ ከሐሙስ ጀምሮ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ክፍት ተቀምጦ ይጠብቃል። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሐሙስ ካልመጣ ቅዳሜዬ ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ መስታወቱ ላይ የያዘውን አረንጓዴ መፈግፈግ፣ ቀጥሎ ወለሉን መወልወል። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የወጣውን ቆሻሻ ውሃ በረንዳ ላይ ያለው በሶብላ ይጠጣዋል። ያደነቅሽው በሶብላ ሚስጥሩ እሱ ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። መጀመሪያ የገዛሁ ጊዜ ሻጩ "ዛሬ ሞልተህ ዛሬውኑ ጨምርበት" አለኝ። ስምንት ጨመርኩ። በአሥረኛው ቀን ሁለት ቀሩ። ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነበር! በኋላ ነው የገባኝ። ዓሣ የሚጸዳዳውም የሚተነፍሰውም እዚያው ነው። ከቆሻሻው አሞንያ ይወጣል፤ በዓይን አይታይም፣ ግን መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። ይህን አሞንያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ በደንብ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ለአንቺ ባጭሩ ልንገርሽ፣ እርሾ ናቸው። እኔ ያደረግሁት ያለ እርሾ ሊጥ አቡክቶ ማታውኑ ምጣድ እንደ መጣድ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ስፖንጁ ጠቆረብኝና እንደ ባለሙያ ቧንቧ ከፍቼ ነጭ እስኪሆን አሸሁት። ክሎሪኑ እርሾውን ጠራርጎ ገደለው። በሳምንቱ ሁለት ዓሣ ቀበርኩ። አንቺ ብትኖሪ "የእርሾ ዕቃ በሳሙና ተፈግፍጎ ይታጠባል እንዴ?" ብለሽ ትጮኺብኝ ነበር። አሁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌው ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ስለ መብራትም ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ምን ቀሰቀሰኝ ብል፣ የፓምፑ ድምፅ ጠፍቷል። ፓምፑ ከቆመ አየሩ ይቀንሳል፣ እርሾውም ይታፈናል። ስልኬን በጥርሴ ይዤ እያበራሁ፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስሳለሁ። ትንሽ አረፍ እልና እንደገና። ቴርሞሜትሩ ከ25 ወደ 22 ሲወርድ ምን ላድርግ? የፈተልሽልኝን ጋቢ አለበስኩት። እኔ በፒጃማ፣ ዓሣዎቹ በጋቢ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ጋቢው ታጥቧል፣ አትቆጪ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። ከሄድሽ በኋላ ጠጠሩ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ አገኘሁ። እማዬ! መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አንጀትሽን በልተውት ነው እንጂ አልራባቸውም። በልተውም ይለምናሉ። የሚሰጣቸው በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ብቻ ነው። የተረፈው በስብሶ ያው አሞንያ ይሆናል። ዓርብ ዓርብ ጭራሽ አልሰጣቸውም፤ ካንቺ ጋር ይጾማሉ።

ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። ቡፌው ይቅር። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር መቶን ያልፋል። ቡፌሽ የለመደው የሠርግሽን ብርጭቆ ነው። የእኔዎቹ ጋፒዎችም ለዚያ አገር አይሆኑም። ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ በኅዳር ውርጭ 25 ዲግሪ ጠብቂ ማለት ግፍ ነው። ላንቺ የሚሆነው ብርድ የሚችለው ጎልድ ፊሽ ነው። እሱም ሁለት ብቻ፤ ብዙ ያቆሽሻል፣ ያድጋልም። በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። "እኔን ሊቀብረኝ ነው?" እንዳትዪኝ።

የቀረው ጀሪካኑ ነው። በዚያ ጉልበትሽ 20 ሊትር አንስተሽ አላይም። ባለ 5 ሊትር ቢሆንም አራቴ መመላለስ አለው። የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ዝም ብሎ "እሺ አያቴ" ቢልሽ አትመኚው፤ ሦስት ቅዳሜ መጥቶ ዓሣ ያልገባበትን ገንዳ ውሃ ይቀይር። እውነት ከመጣ፣ ለፋሲካ ስመጣ ከስፖንጄ ግማሹን ቆርጬ በራሱ ውሃ፣ በሃይላንድ ይዤልሽ እመጣለሁ። ጎረቤት እርሾ ሲዋዋስ አይደል የኖርነው? 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ምንም አያደርገውም።

ገንዳውን ከመስኮቱ ራቅ አድርገን፣ ያ ወፍራም የእንጨት ሳጥን ላይ እናስቀምጠዋለን። ካንቺ ወንበር ይታያል፤ ለክቼዋለሁ።

ልጅሽ