የቅዳሜው ስብሰባ፦ የማደሪያው ግንባታ

ውድ የገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ አባላት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰበው የተማሪዎች ማደሪያው ቁፋሮ ዘንድሮ ይጀመር ወይስ ይቆይ የሚለውን ለመወሰን ነው።

የያዛችሁትን የለጋሾች ዝርዝር ለይታችሁ አምጡ፦ ቃል የተገባው ለብቻ፣ ባንክ የገባው ለብቻ። ሁለቱ ተደምረው ሲታቀድ ነው ሕንፃ መሠረት ላይ የሚቀረው። በወጪ ግምቱ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ፤ ብረትና ሲሚንቶ በትናንት ዋጋ አይገኙም። ከጠቅላላው ቢያንስ ግማሹ ሳይረጋገጥ ደግሞ ለምእመናን በይፋ ባናውጅ ይሻላል።

አልጋ ሲጨመር መምህር፣ ውኃና ወጥ ቤትም አብረው ይጨመራሉ። የካሊፎርኒያው ቶማስ አኳይነስ ኮሌጅ የግቢውን ተማሪ 400 ገደማ ላይ ገድቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሁለተኛ ግቢ ከፍቷል። እኛስ የምንቀበለው ተማሪ ጣሪያው ስንት ነው? ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁ፤ የምትቀሩም ዝርዝራችሁን ላኩ።