ይድረስ ለ«የኔታ»

ኮፐንሃገን፣ የኅዳር መጨረሻ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለዶርሙ «የኔታ»፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ቀጥሎ መዘግየቴ አሳፈረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ኀፍረቱ ራሱ አዘገየኝ። ብትቆጣኝ እውነት አለህ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የልጄ የቤት ሥራ ነው። የተሰጣት የዴንማርካዊው ገጣሚ የአዳም ኦሌንሽሌገር ረጅም ተራኪ ግጥም ነው፤ ርእሱ በእኛ «የወርቅ ቀንዶቹ» ቢባል ያስኬዳል። ምቱን፣ ቤት አመታቱንና ድግግሞሹን ተንትኚ ተብላ «አባዬ፣ አንተ ግጥም ታውቅ የለ?» አለችኝ። በአንተ ፊት የማልደፍረውን በእሷ ፊት ደፈርኩና «እንዴታ!» አልኳት።

ታሪኩን ላጫውትህ። ጋለሁስ በምትባል የደቡብ ዩትላንድ መንደር በ1639 አንዲት ልጃገረድ፣ በ1734 ደግሞ አንድ ገበሬ፣ ከአንድ አካባቢ መሬት ሁለት ጥንታዊ የወርቅ ቀንዶች አገኙ። ቀንዶቹ ኮፐንሃገን በንጉሡ የቅርስ ማኖሪያ ተቀምጠው ሳለ በግንቦት 1802 ኒልስ ሃይደንራይክ የሚባል ወርቅ ሠሪ ሰርቆ አቀለጣቸው። የሰምና ወርቅ መምህሬ ሆይ፣ አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያስቀር ነበር፤ ይኸኛው ወርቁን አቅልጦ ለአገሩ ያስቀረው የቀንዶቹን ሥዕል ብቻ ነው። ገጣሚው ያኔ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከፈላስፋው ሄንሪክ ስቴፈንስ ጋር ለሰዓታት ሲጨዋወት ውሎ ግጥሙን በዚያው ዓመት ጻፈው።

መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «ዲ ሂገር ኦ ሶገር፣ ኢ ጋምለ ቦገር»። ፊደላችን የዚህን አገር አናባቢ አይችለውም፤ «ሶ»ን ከንፈርህን አሹለህ አንብባት። «ይናፍቃሉ ይፈልጋሉ፣ በአሮጌ መጻሕፍት» ማለት ነው። እኔም አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ቀለም፣ ማለትም የየቃሉን ድምፅ ቁራጭ፣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አንጓ ስምንት ስንኝ ብቆጥር ስድስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት ወጣኝ። «ይሄ ሰውዬ ያነክሳል» አልኩ። በወል ቤት ስድስት በስድስት ለለመደ ጆሮ ሌላ ምን ይባላል?

ልጄ ሳቀች። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች አነበበችልኝ። በየስንኙ ሁለት ምት፣ ሁለት ብቻ! ሂ፣ ሶ፤ ጋም፣ ቦ። በምቶቹ መካከል አንድ ቀለም ቢገባ ሁለት፣ ማንም አይቆጥረውም። ለካ የሚቆጠረው ቀለም ሳይሆን ጫናው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ያነከሰው ጆሮዬ መሆኑን ከልጄ ተማርኩ።

ቤት አመታቱም ከእኛው ይለያል። እኛ የመጨረሻዋ ፊደል ከገጠመች ይበቃናል። እዚህ ግን ሶገርና ቦገር ከጫናው ጀምሮ እስከ ጫፉ ይገጥማሉ። የመጀመሪያው አንጓ ሁለት ሁለት ስንኝ እያጣመረ በሥርዓት ይሄዳል። ሁለተኛው አንጓ ላይ ጥንዶቹ ይላቀቃሉ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ቤቱን የሚያገኘው አራተኛው ላይ ደርሶ ነው። ፈላጊዎቹ ሐሳባቸው ሲምታታ፣ በጉም ውስጥ ሲዳብሱ፣ አንባቢውም ቤቱን በዳበሳ ይፈልጋል። ይህን ሳይ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ድግግሞሹ ላይ ግን ልጄን እኔ ቀደምኳት። «ጋምለ» ማለት አሮጌ፣ ጥንታዊ ነው። መጀመሪያ ከመጻሕፍት፣ ቀጥሎ ከጽሑፎች ጋር ትመጣለች። ከዚያ «ኢ ጋምለ ጋምለ» ብሎ ስንኙን ይቆርጠዋል፤ የሚገለጸው ስም፣ ያለፉት ቀናት፣ ወደ ሚቀጥለው ስንኝ ተሻግሯል። «በጥንት፣ በጥንት…» ብሎ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሽማግሌ። ይኸው ሁለተኛው አንጓ በልመና ያበቃል፦ «ብልጭታ መልሱልን!» የግጥሙ መጨረሻ አካባቢ አማልክቱ ተቆጥተው «የሰጡትን መልሰው ወሰዱ» ይላል። በሁለቱም ቦታ ያለችው ቃል አንዲት «ቲልቤየ» ናት፤ የተለመነባት ቃል ራሷ ተመልሳ ፈረደች። በእኛም «መልሱልን» እና «መልሰው» ከአንድ ሥር መምጣታቸውን አየህ? አማርኛ ሳይለመን ያገዘኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እንቅልፍ የሚነሣህ። በ1734 በተገኘው ቀንድ ላይ ሩን በሚባለው የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረበት፦ «ኤክ ህሌዋጋስቲዝ ሆልቲያዝ ሆርና ታዊዶ»፣ ቀንዱን የሠራሁ እኔ ነኝ እያለ ስሙን ይጠራል። ሦስቱ ቃላት በ«ህ» ሲነሡ ሰማህ? ቤቱን የሚመታው በቃሉ ጫፍ ሳይሆን በቃሉ መነሻ ነው፤ አራት ጫና ያለው ስንኝ ነው ይሉታል። እንግዲህ ያ ወርቅ ሠሪ ግጥምም አብሮ አቅልጧል። በብሔራዊ ሙዚየሙ የቆሙትን ቅጂዎች ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ሄደን አየናቸው። እሷ ወርቁን፣ እኔ «ህ»ዎቹን።

መክፈቻውን በወል ቤት ልመልሰው ሞክሬ ነበር፦

ናፍቀው ያስሳሉ ባሮጌ ብራና፣
በፈረሰ ጉብታ ዓይናቸው ሲቃና።

«ሲቃና»ን ቤት ለመምታት ብዬ እንደ ሰነቀርኳት ሳትነግረኝ አውቃለሁ። የመቃብር ጉብታ ውስጥ ምን የሚቃና ዓይን አለ? ዋናው ላይ ያለው አጮልቆ፣ አነጣጥሮ የሚያይ ዓይን ነው። እኔ ሦስት ምሽት ፈጅቼ ልጥላት አልቻልኩም። አንተ ጣልልኝና በምትክዋ የምትገባውን ላክልኝ፤ እንደ እኔ ሦስት ዓመት አታቆየው።

ወንድምህ